አእምሮንና ስሜትን በአንድነት የሚነካው ሕመም፦ ቤተሰብ ምን ይወቅ?

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን በር ተዘግቶ ካልሆነ በቀር የማይነገር ሕመም ነው።

ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፈን ወደ ነቀምቴ ስንጓዝ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ባኮን እናገኛታለን። ባኮ ሞቃታማ፣ በበቆሎና በግብርና ምርምር ማዕከሏ የታወቀች የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። እዚያ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ብቻውን ማውራት ቢጀምር፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ቢያድር፣ ቆይቶ ደግሞ ለሳምንታት ከአልጋ መነሳት ቢያቅተው ጎረቤት ምን ይላል? በአማርኛ «አበደ»፣ በኦሮምኛ «መራቴ» ይባላል። አንዱ «ጅኒ ነክቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ምቀኛ አስደግሞበት ነው» ይላል። እነዚህ ቃላት ሁሉ ፍርድ ይሰጣሉ እንጂ ሕመሙን አይገልጹም፤ ቤተሰቡ ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበትም አይነግሩትም።

በዛሬው ዝግጅታችን ከእነዚህ የአእምሮ ሕመሞች መካከል ለመለየት የሚያስቸግረውን አንዱን፣ ስኪዞአፌክቲቭ የተባለውን ሕመም እንመለከታለን። ይህን ሕመም ለመለየት የሚያስፈልገው ዋናው መረጃ ያለው በላቦራቶሪ ሳይሆን በቤተሰቡ እጅ ነው። እንዴት እንደሆነ በየደረጃው እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ከባድ ከሚባሉት የአእምሮ ሕመሞች ውስጥ ሁለት ወገኖች በሰፊው ይታወቃሉ። አንደኛው ስኪዞፍሬኒያ ነው። ይህ የማሰብንና እውነታን የመለየትን ችሎታ ያዛባል። ሁለተኛው የስሜት ሕመም ነው። በዚህ ወገን ሰውን አልጋ ላይ የሚያስቀር ከባድ የመንፈስ ጭንቀት አለ፤ እንዲሁም ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ወጥቶ ሌላ ጊዜ ከልክ በታች የሚወርድበት ሕመም አለ። ስኪዞአፌክቲቭ ማለት የእነዚህ የሁለቱ ወገኖች ምልክቶች በአንድ ሰው ላይ ተደባልቀው ሲገኙ ነው። ስሙን ያወጣው ጄከብ ካሳኒን የተባለ ትውልደ ሩስያ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1933 ነበር።

በዓለም ደረጃ እንደሚገመተው ከሺህ ሰዎች ወደ ሦስት የሚሆኑት በዕድሜያቸው በዚህ ሕመም ይያዛሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። መንስኤውም አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፉ ንጥረ ነገሮች መዛባት፣ ከባድ የኑሮ ጫናና አደንዛዥ ነገሮች ተደራርበው ያመጡታል። እናት ልጇን በደንብ ስላላሳደገች ወይም ሰውየው ኢማኑ ስለደከመ የሚመጣ ሕመም አይደለም።

ምልክቶቹ

ቤተሰብ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ምልክቶች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ የማሰብ ምልክቶች ናቸው። ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፤ ድምፁ ሊሰድብ፣ ሊያዝ ወይም ስለ ሰውየው ከሌላ ድምፅ ጋር ሊነጋገር ይችላል። በማስረጃ የማይናወጥ የተሳሳተ እምነት መያዝ፣ ለምሳሌ «ምግቤ ተመርዟል»፣ «ሬዲዮው ስለ እኔ ነው የሚያወራው» ማለት። ንግግር መያያዣ ማጣት፤ ጥያቄና መልስ አለመገናኘት። ራስን አለመጠበቅ፣ ገላ አለመታጠብ፣ ከሰው መሸሽ።

ሁለተኛዎቹ የስሜት ከፍታ ምልክቶች ናቸው። ሰውየው ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም አይሰማውም። ንግግሩ ይፈጥናል፤ ማንም ሊያቋርጠው አይችልም። ገንዘብ ይበትናል፤ ያለውን በሬ ሸጦ ትልቅ ንግድ እንደሚከፍት ይናገራል። ልዩ ኃይል ወይም ልዩ ተልእኮ የተሰጠው ይመስለዋል። በትንሹ ይቆጣል።

ሦስተኛዎቹ የስሜት ዝቅታ ምልክቶች ናቸው። ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ፣ ቀድሞ ይወደው የነበረውን መጥላት፣ የምግብና የእንቅልፍ መዛባት፣ «እኔ ሸክም ነኝ፣ አላህም አይምረኝም» ማለት፣ ሞትን መመኘት። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስንፍና ወይም የዒባዳ መድከም አድርጎ ይወስደዋል። ሰውየው ግን መነሳት ያልፈለገ ሳይሆን መነሳት ያቃተው ነው።

ስኪዞአፌክቲቭ በሁለት ዓይነት ይታያል። በአንዱ የስሜት ከፍታ፣ ብዙውን ጊዜም ከዝቅታ ጋር እየተፈራረቀ፣ ይኖራል፤ በሌላው ዝቅታው ብቻ ይኖራል። የማሰብ ምልክቶቹ ግን በሁለቱም አሉ።

ሐኪሙ አንድ ቀን ያያል፤ ቤተሰቡ ዓመቱን ያያል

የደም ምርመራ ወይም ራጅ ይህን ሕመም አያሳይም። ሐኪም የሚለየው ምልክቶቹ የመጡበትን ቅደም ተከተል በመጠየቅ ነው። በከፍተኛ ድብርት ወይም በስሜት ከፍታ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ስሜቱ ሲስተካከል ድምፁም አብሮ ከጠፋ፣ ሕመሙ የስሜት ሕመም ነው። ስሜቱ ተስተካክሎ ሰውየው ሳያዝንም ከልክ በላይ ሳይደሰትም ድምፁ ወይም የተሳሳተው እምነት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ ከዚህም ጋር የስሜት መዛባቱ አብዛኛውን የሕመም ጊዜ የያዘ ከሆነ፣ ሐኪሙ ስኪዞአፌክቲቭን ያስባል። የስሜቱ መዛባት ጥቂት ጊዜ ብቻ የታየ ከሆነ ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ አስቡት፤ ይህን የጊዜ ሒሳብ ማን ያውቃል? በሽተኛው ራሱ ድምፁ እውነት ስለሚመስለው መቼ እንደጀመረ ላይናገር ይችላል። ሐኪሙ የሚያየው የመጣበትን ቀን ብቻ ነው። የሚያውቁት አብረውት የሚኖሩት ናቸው። ስለዚህ ደብተር ያዙ። ቀኑን በትክክል ባታስታውሱ እንኳ የምታውቁትን ምልክት ተጠቀሙ። «እንቅልፍ ያጣው በቆሎው በሚኮተኮትበት ሰሞን ነው፤ ለአረፋ ደህና ነበር፤ ከአረፋ በኋላ ዝም አለ፤ አሁን ሐዘኑ ከለቀቀው ወር ሆኖታል፣ ግን አሁንም ከማይታይ ሰው ጋር ይነጋገራል» የሚል አራት መስመር ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይበልጥበታል። ማንበብና መጻፍ የማትችል እናት ተማሪ ልጇን ታስጽፍ።

የጊዜው ሒሳብ የሚጠቅመው ለስሙ ብቻ አይደለም፤ ሕክምናውን ይቀይረዋል። ስሜቱ ከፍና ዝቅ ለሚል ሰው የድብርት መድኃኒት ብቻውን ቢሰጥ ወደ ስሜት ከፍታ ሊገፋው ይችላል። ሐኪሙ ያለፈው ዓመት ስሜት ከፍ ብሎ እንደነበር ካልተነገረው ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም።

መጀመሪያ የሚለዩ ሌሎች ሕመሞች

ባኮና አካባቢዋ ቆላማ በመሆናቸው ወባ እንግዳ አይደለም። ትኩሳት ያለበት ሰው በድንገት ቢቀባጥር፣ ቢደናገር ወይም ራሱን ቢስት ይህ አስቸኳይ ነው፤ ወባ ወደ አንጎል ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት፤ አንድ ሌሊት ማሳደር ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እንዲሁም የሚጥል በሽታ፣ የራስ ቅል ጉዳት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ የአእምሮ ሕመም የሚመስል ምልክት ሊያመጡ ይችላሉ። አራስ ሴት እንቅልፍ አጥታ መለዋወጥ ከጀመረች ለእናቲቱም ለሕፃኑም አደጋ ስላለው ቀን አትቁጠሩ።

ዱዓእና መድኃኒት አይጣሉም

«ሩቅያ እናስቀራለን፣ ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። አላህ ላወረደው ሕመም ሁሉ መድኃኒት እንዳወረደለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን እናውቃለን። መታከም ተወኩልን አይቃረንም። ቁርኣን ይቀራ፣ ዱዓእ ይደረግ፤ ለታመመውም ለቤተሰቡም እርጋታ ነው። ነገር ግን «መድኃኒቱን ካላቆምክ ሩቅያው አይሠራም» የሚል፣ በሽተኛ የሚገርፍ፣ የሚያስርብ ወይም በጭስ የሚያፍን ሰው ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

የቀደሙት ሙስሊሞችም ይህን ሕመም ከሕክምና ውጭ አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ934 የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ አካል እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም እንደምትታመምና እንደምትታከም የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፏል። ሱልጣን ቀላዎን በ1284 በካይሮ ያሠራው ታላቅ ሆስፒታልም ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። አእምሮው የታወከ ሰው እስኪመለስ ድረስ ብዕር የተነሳለት መሆኑንም ከሐዲስ ተምረናል። አላህ ያልተጠያየቀውን ሰው እኛ በስድብና በዱላ የምንጠይቀው በየትኛው ሥልጣን ነው?

መድኃኒቱና የማቋረጥ ፈተና

ሕክምናው ሁለቱንም የሕመሙን ገጽ ይይዛል። ለማሰብ ምልክቶቹ እንደ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። ክኒን ለሚረሳ ሰው በየተወሰነ ሳምንት የሚወጋ ፍሉፌናዚን የተባለ መርፌ አለ። ስሜት ለማረጋጋት ሊቲየም፣ ካርባማዜፒንና ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ለድብርቱ ደግሞ ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ይታዘዛሉ። ቫልፕሮኤት በማኅፀን ያለን ፅንስ ስለሚጎዳ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች እህት ይህን ለሐኪሟ ታንሳ።

ሁለት ነገሮች ቤተሰብን ያሳስታሉ። አንደኛው የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። በተለይ በሃሎፔሪዶል የመጀመሪያ ቀናት አንገት ሊጣመም፣ መንጋጋ ሊቆለፍ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ያየው ሁሉ «ጅኒው ተነሳበት» ብሎ ይጮሃል፤ መድኃኒቱም ይጣላል። ይህ ግን መድኃኒቱ በጡንቻ ላይ የሚያመጣው የታወቀ ችግር ነው፤ ጤና ተቋም ከተደረሰ በሌላ መድኃኒት ቶሎ ይለቃል፤ መጠኑም ይስተካከላል። መንቀጥቀጥ፣ ቁጭ ብሎ መቆየት አለመቻል፣ እንቅልፍ መብዛትና መወፈርም ካሉ ንገሩ።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር ደህንነቱ ነው። ይህ ሕመም ይመጣል፣ ይሄዳል። በመሀሉ ሰውየው ይሠራል፣ ይስቃል፣ መስጂድ ይመላለሳል። ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ ዳነ» ብሎ ክኒኑን ያቆማል። ሕመሙ ከወራት በኋላ ሲመለስ ማንም ከመድኃኒቱ ጋር አያያይዘውም። ደህና የሆነው መድኃኒቱን ስለወሰደ መሆኑን አትርሱ። መቀነስም ሆነ ማቆም የሚቻለው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ነው።

ረመዳን፣ እንቅልፍና ጫት

ጾምን በተመለከተ በሽተኛ የተፈቀደለት ገርነት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። መጾም የሚፈልግ ታማሚ ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪሙን ያማክር። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ሊዛወር ይችል ይሆናል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እንደ ባኮ ባለ ሞቃት አገር ቀኑን ያለ ውኃ ሲውል ሊቲየሙ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል፤ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስታወክ፣ መንገዳገድና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። ጾሙ ካልተፈቀደለት ስለ ቀዷና ስለ ፊድያ ዓሊም ይጠይቅ፤ ባለመጾሙ ግን ማንም አያሸማቅቀው።

እንቅልፍ ማጣት የስሜት ከፍታን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ በረመዳን ሌሊት፣ በሠርግና በሐዘን ቤት ሰሞን ለታማሚው የመኝታ ሰዓት ጠብቁለት። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛ ሦስተኛውን አትጠብቁ። ጫት እንቅልፍ የሚነሳና አንጎልን የሚያነቃ ንጥረ ነገር ስላለው ለዚህ ታማሚ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከፋበታል።

ዝም ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ

ሕመሙን ደብቆ መያዝ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ጥናት በአገራችን ተደርጓል። ቦታው ቡታጅራና አካባቢዋ ነው። እዚያም እንደ ባኮ አብዛኛው ሰው ገበሬ ነው፤ ልዩ የአእምሮ ሕክምናም ሩቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዙ 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ሲከታተሏቸው 121ዱ ሞቱ። በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት የሞቱት ከሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ራስን ማጥፋትና አደጋም ብዙዎችን ወስዷል። ታማሚው ሲያስለው ወይም ሲያተኩሰው «ያው አመሉ ነው» ተብሎ መታለፍ እንደሌለበት ይህ በቂ ትምህርት ነው።

በዚያው አካባቢ የ178 ሕሙማን ዘመዶች ተጠይቀው ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው፣ ከመቶ 37ቱ ደግሞ ሕመሙን መደበቅ እንደሚፈልጉ መናገራቸው በ2001 ታትሟል። ኀፍረቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። በጉራጌ ገጠር የተደረገና በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው ያላነሰ ውጤት አምጥቷል። ከአቅሙ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያው ወደ አምቦ ወይም ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ሊልክ ይችላል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው የአዲስ አበባው አማኑኤል የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ በር ይሁን።

በቤት ውስጥ ስለ ድምፁ አትከራከሩ፤ አትሳለቁም፤ የሰማችሁም አታስመስሉ። እናት «የኔ ልጅ፣ አንተ እንደምትሰማው አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልሰማሁም፤ እዚሁ አጠገብህ ነኝ» ብትለው ይበቃል። አቅሙን ያገናዘበ ሥራ ስጡት፤ ውኃ ማምጣት፣ ሱቅ መጠበቅ፣ ከብት ማየት። ሲሻለው ማረስም፣ መነገድም፣ ትዳር መያዝም ይችላል፤ ኒካሕ ሲታሰብ ግን እውነቱ ለሌላው ወገን ይነገር።

ስለ ሞት ካወራ «እንዲህ አይባልም» ብላችሁ አፉን አትዝጉ። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ እንዲናገር በር ይከፍትለታል። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ፀረ ተባይና የበቆሎ ነቀዝ መድኃኒት በየቤቱ ባለበት አገር ይህን ከቤት አውጡ ወይም ቆልፉበት። ድምፅ «ግደል» ወይም «ሙት» እያለ የሚያዘው ከሆነ፣ ምግብና ውኃ ካቆመም እንዲሁ አስቸኳይ ነው።

ሰንሰለትን በተመለከተ፣ በሶዶ ወረዳ በ2017 የታተመ ጥናት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ያሰሩት ጨክነው ሳይሆን መድኃኒት መግዣና ረዳት አጥተው መሆኑን አሳይቷል። እንግዲያው ወቀሳው ለዚያች እናት ብቻ አይደለም። ጎረቤት ለአንድ ቀን ተራ ገብቶ ቢጠብቅላት፣ ጀመዓው ከሰደቃው የመድኃኒትና የመጓጓዣ ዋጋ ቢይዝላት፣ እድሩ ከሞት በኋላ ከሚሰበሰብ በሕይወት ሳለ ቢደርስ፣ ኢማሙም «ይህ ሕመም ነው» ብሎ አንድ ጁምዓ ቢናገር ሰንሰለቱ ይፈታል።

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ማታ እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ደብተር አውጡና መቼ እንደጀመረው፣ መቼ እንደተሻለው፣ ዛሬ ስንት ሰዓት እንደተኛ ጻፉ። ነገ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ፣ ለሚያስታምሙት ሰብር ይስጥልን። አሚን።